ስለ ቀደምት የሂፕ ሆፕ ቡድኖች የስልት ስፋት እንዴት መከራከር ይቻላል?

«ከቀደምቶቹ የሂፕ ሆፕ ቡድኖች በስልት ሰፊው የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ አንዴ ከተነሳ ምሽቱን ሙሉ ጉንጭ ሲያለፋ ያድራል፤ ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፈውም ድምፁ የጎላው ነው። አንዱ ዉ-ታንግ ክላን ይላል፣ ሌላው አውትካስት፣ ሦስተኛው ቢስቲ ቦይስ ብሎ ሁለቱንም ያስቆጣል። ሦስቱም ግን የሚያወሩት ስለ ተለያየ ነገር ነው። ክርክሩ መልክ እንዲይዝ እኔ የምከተለው መንገድ የሚከተለው ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. «ስፋት» ማለት ምን እንደሆነ አስቀድማችሁ ተስማሙ

ቃሉ ቢያንስ ሦስት ትርጉም አለው፤ ቅንብሩ ምን ያህል ይለያያል፣ ራፐሮቹ እርስ በርስ ምን ያህል አይመሳሰሉም፣ ቡድኑስ ከአልበም ወደ አልበም ምን ያህል ተለውጧል። የዉ-ታንግ ክላን የ1993 የመጀመሪያ አልበም ጥሩ መፈተኛ ነው። አቀናባሪው ሪዛ ከአሮጌ የሶል ሸክላዎችና ከኩንግ ፉ ፊልሞች እየቀነጨበ የሠራው ሙዚቃ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያው ጭጋጋማ ቀለም አለው። የአባላቱ ድምፅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ኦል ደርቲ ባስታርድ ግማሹን እየዘፈነ ግማሹን እየጮኸ ሲያልፍ፣ ጂዛ እያንዳንዱን ቃል በሚዛን እየሰፈረ ያስቀምጣል። በቅንብር ጠባብ፣ በድምፅ ሰፊ የሆነ ቡድን ነው። ይህን ሳትለዩ ከተከራከራችሁ ሁለታችሁም ትክክል ሆናችሁ ትጣላላችሁ።

2. ከሦስት ቡድን አትለፉ

ቢያንስ አራት አልበም ያላቸውን ምረጡ። ኤን ደብልዩ ኤ በሂፕ ሆፕ ታሪክ ያለው ቦታ ትልቅ ቢሆንም፣ ሁለት የስቱዲዮ አልበም ብቻ ስላለው ለዚህ ክርክር ብዙ አይሆንም። ሽያጭንም እርሱት፤ ብዙ መሸጥና መስፋት አንድ አይደሉም።

3. አልበሞቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ስሙ

አብዛኛው ተከራካሪ የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው። ታዋቂዎቹን ዘፈኖች ብቻ ይዞ ይመጣል። አውትካስትን ውሰዱ። በ1994 ከአትላንታ ሲነሱ የአሜሪካን ደቡብ ፈንክ (ምቱ የሚጎላ የዳንስ ሙዚቃ) የያዙ ሁለት ወጣቶች ነበሩ። በ1996 ሙዚቃው ቀዝቅዞና ተራርቆ ከሌላ ፕላኔት የመጣ መሰለ። በ1998 ሮዛ ፓርክስ በተሰኘው ዘፈን መሃል ሃርሞኒካና ጭብጨባ ገባ፤ በ2000 ደግሞ የመዘምራን ድምፅና የኤሌክትሪክ ጊታር በሚያስደነግጥ ፍጥነት አብረው ሲሮጡ ተሰማ። ይህን ለውጥ የሚያሳየው ቅደም ተከተሉ ነው፤ ቀላቅሎ የሰማ ሰው የተለያዩ ቡድኖች ሊመስሉት ይችላሉ።

4. የሙዚቃ ዘውግ አትቁጠሩ

«ሮክ አላቸው፣ ጃዝ አላቸው» ማለት የገበያ ዘንቢል እንደመቁጠር ነው። መጠየቅ ያለበት የተዋሱት ነገር ምን አደረጋቸው የሚለው ነው። ረን ዲ ኤም ሲ በ1986 ከሮክ ባንዱ ኤሮስሚዝ ጋር ስለሠሩት ዘፈን «የአንድ ጊዜ ብልሃት ነው» የሚል ሰው ከመጣ፣ የሮክ ጊታር በ1984ቱ የመጀመሪያ አልበማቸውም እንደነበረ አስታውሱት። ኤ ትራይብ ኮልድ ክዌስትም በ1991 ታላቁን የጃዝ ቤዝ ተጫዋች ሮን ካርተርን ወደ ስቱዲዮ ሲጠሩት ለጌጥ አልነበረም፤ አልበሙ በሙሉ የቆመው በቤዝ ድምፅ ላይ ነው።

5. ዘመኑን ሳታዩ አትፍረዱ

ሳምፕል ማለት ከሌላ ሰው ቅጂ ቆርጦ አዲስ ሙዚቃ ውስጥ መክተት ነው። ራፐሩ ናስና የሬጌው ዘፋኝ ዴሚያን ማርሊ በ2010 የሙላቱ አስታጥቄን የግሌ ትዝታ እንዲህ አድርገው ሲጠቀሙበት የሰማ አበሻ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በ1989 ደ ላ ሶልም ቢስቲ ቦይስም በሳምፕል የታጨቁ አልበሞች አወጡ። በ1991 መጨረሻ ግን የኒው ዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት ያለፈቃድ በተወሰደ ሳምፕል ምክንያት በራፐሩ ቢዝ ማርኪ ላይ ፈረደበት፤ ከዚያ ወዲህ የዚያ ዓይነት አልበም ዋጋው የማይቀመስ ሆነ። መሣሪያ መጫወት የሚችል ቡድን ተጠቀመ። ስለዚህ ከ1991 በኋላ «ጠበበ» የምትሉትን ቡድን ኪሱ ጠቦ እንደሆነም ጠይቁ። የደ ላ ሶል ቀደምት አልበሞች በዚሁ የፈቃድ ጣጣ እስከ መጋቢት 2023 ድረስ በኢንተርኔት የሙዚቃ አገልግሎቶች ላይ አልነበሩም፤ ቡድኑን የሚያናንቁ ወጣቶች ምናልባት ሰምተውት አያውቁም።

6. አወዛጋቢውን አስቀድማችሁ ቁረጡ

የዉ-ታንግ አባላት ለየብቻ ያወጧቸው አልበሞች ለቡድኑ ይቆጠራሉ? እኔ አልቆጥርም። አውትካስት በ2003 ያወጣው ድርብ አልበምስ? በ2004 የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ ግራሚ ወስዷል፤ ነገር ግን አንዱ ግማሽ የአንደኛው አባል የቢግ ቦይ፣ ሌላው የሁለተኛው አባል የአንድሬ 3000 ነው፤ የአንድሬው ክፍል ደግሞ ከራፕ ይልቅ ዘፈን ይበዛበታል። እኔ በግማሽ እቆጥረዋለሁ፤ እናንተ ሙሉውን ልትቆጥሩ ትችላላችሁ፣ ብቻ ከመጀመራችሁ በፊት ይሁን።

7. ከዚያ አጫውቱ

እያንዳንዱ ሰው ከመረጠው ቡድን በጣም የሚራራቁ ሁለት ዘፈኖች ያምጣ፤ ከእያንዳንዳቸው ሁለት ደቂቃ ይሰማ፤ እስኪያልቅ ማንም አይናገር። ቀጥሎ ቦታ ተለዋወጡና እያንዳንዱ ለባላጋራው ቡድን ይከራከር። ከባዱ ደረጃ ይህ ነው፤ ሰው አለመስማቱ የሚጋለጠውም እዚህ ነው።

እኔ ሁልጊዜ የማመጣው የአውትካስትን የ1996 እና የ2000 ሥራዎች ነው። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ቢስቲ ቦይስን ይዞ ይመጣል፤ በአንድ እጁ የ1986ቱ ጩኸት፣ በሌላው የ2007ቱ አንድም ቃል የማይሰማበት በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ አልበም። ራፕ የሌለበት አልበም የራፕ ቡድንን ስፋት ያሳያል ወይስ ከሜዳው መውጣቱን? እስካሁን አልተስማማንም።