የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን ለመራጭነት እንዴት እናስመዝግብ?

በሰንደቅ ዓላማ ሰዓት የሚደረግ ንግግር ማንንም አያስመዘግብም። ሞክሬዋለሁ። ለ2013ቱ ምርጫ በሚኒ ሚዲያ ግጥም አስነብበን ጭብጨባው ሲደምቅ፣ ሠላሳ ያህል ተማሪዎች አሰልፌ ወደ ምርጫ ጣቢያ ሄድኩ። አብዛኞቹ መታወቂያ ስላልነበራቸው እየተሸማቀቁ ተመለሱ።

ስለዚህ ግጥሙን ተዉትና ከክፍል ኃላፊ መምህራን ጋር ስም ዝርዝር ያዙ። ሕጉ የሚጠይቀው በምዝገባው ዕለት 18 ዓመት መሙላትን ነው፤ በሐምሌ 2000 የተወለደች ልጅ በሚያዝያ 2018 ገና 17 ናት። የልደት ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈም እዩ። ፓስፖርቱ ላይ 2008 የሚል ልጅ በ2018 «በአሥር ዓመቱ ሊመርጥ ነው» ተብሎ ክፍሉ ሲስቅበት ዋለ።

ራስ የሚያዞረው አድራሻ ነው። ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋል። ታዲያ በየሳምንቱ ከገጠር ስንቋን ተሸክማ የምትመጣው፣ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይታ የምትማረው ልጅ የት ትመዝገብ? «የማን ልጅ ነሽ?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ «ያለፉትን ስድስት ወራት የት ኖርሽ?» በሏት። መልሷ «እዚሁ» ከሆነ የቀበሌ ወረቀት መፈለግ አለ፣ እሱ ደግሞ አከራይዋን ይፈልጋል። አንዲት አከራይ ደብተር ይዤ በራቸው ላይ ብቆም የኪራይ ግብር የመጣባቸው መስሏቸው «እኔ ተከራይ የለኝም» ብለው መለሱኝ፤ ልጅቷ ከኋላቸው ሽሮ እያማሰለች ነበር! በማግስቱ ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት የሰፈሩን ሰው የሚያውቁ አንድ አዛውንት ይዤ ሄድኩ፣ ቡና ተጠጥቶ ነገሩ አለቀ። ይህን ሥራ ምዝገባው ሊጀመር ሁለት ወር ሲቀረው ጀምሩት። የመመዝገቢያው ሳምንት ሲደርስ ቀበሌው ሰልፍ ብቻ ነው።

ከዚያ የልምምድ ምርጫ አድርጉ። ካርቶን በቂ ነው፤ ለሣጥን ገንዘብ የሚጠይቅ ክበብ አይግባኝም። ሁለት ዓይነት ወረቀት አዘጋጁ፣ በእውነተኛው ቀን አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለክልል ምክር ቤት ነውና። ምልክቶቹ ጀበና፣ መሶብ፣ ምጣድ ይሁኑ። እኔ መጀመሪያ የእውነተኛ ፓርቲዎችን ምልክት አስገብቼ ልምምዱ ወደ ጠብ ተቀይሮ፣ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ለማብራሪያ ተጠርቻለሁ። ስትቆጥሩ የተበላሹትን ወረቀቶች አንድ በአንድ አሳዩ፦ ሁለት ቦታ ምልክት ያደረገ፣ ስሙን ጽፎ የፈረመ፣ «መምህር አመሰግናለሁ» ብሎ ያሰፈረ።

የመራጭነት ካርዱ ደብተር ውስጥ አይቀመጥ፤ ይጠፋል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። በ2013 ድምፅ የተሰጠው ሰኔ 14 ነበር፤ ሰኔ የትምህርት ቤት መዝጊያ ነው። ከተማ ውስጥ የተመዘገበ ተከራይ ተማሪ ዕቃውን ጠቅልሎ ገጠር ከገባ ካርዱ እዚያ አያገለግለውም። ስለዚህ ከመመዝገቡ በፊት በድምፅ መስጫው ሳምንት የት እንደሚሆን ጠይቁት፤ መልሱንም በስሙ ትይዩ ጻፉ።