ጥቁርና ነጭ መሆን ሲገባቸው በቀለም የተቀመጡ ስካኖች፦ ችግርና መፍትሄ

ደሴ ፒያሳ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የሚሠራ፣ ወይም ኮምቦልቻ የድርጅት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ስካነሩ “ከለር” ላይ እንደቆመ ማንም ሳያየው ይከርማል፤ ፎልደሩ ሲከፈት ተራ ጥቁር ጽሑፍ ሁሉ ባለ ቀለም ሆኖ ይገኛል። ያን ሁሉ ፋይል አንድ በአንድ ፎቶሾፕ ላይ ከፍቶ መቀየር የሚታሰብ አይደለም። በስክሪፕት (ትእዛዞችን በየፋይሉ ላይ በራሱ በሚደጋግም አጭር ፕሮግራም) ግን ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው ሳይቀዳ ያልቃል። መቀየሩ የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው፤ ሥራው ያለው የትኛው ይቀየር፣ የትኛው ይቅር የሚለውን መለየቱ ላይ ነው።

መሣሪያዎቹ ነፃ ናቸው፦ ምስል የሚቀይሩት ኢሜጅማጂክና ጄፔግትራን፣ እንዲሁም የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተን ከምስል መሥሪያው ከፒሎው ጋር። የትእዛዞቹን ስም እዚህ በፊደላችን እንደሚነበቡ ጻፍኳቸው፤ ስትተይቡ በላቲን ፊደል ነው።

ምልክት፦ ፋይሉ ከብዶ ፍላሹን ሞላው

ኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ስካን ሲደረግ 2480 በ3508 ነጥብ (ፒክስል) ነው፤ ወደ 8.7 ሚሊዮን ነጥብ ማለት ነው። በቀለም ሲቀመጥ እያንዳንዱ ነጥብ 3 ባይት ይወስዳል፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። በግሬይስኬል (ከጥቁር እስከ ነጭ ባለው ግራጫ ብቻ) ሲቀመጥ አንድ ባይት ይበቃዋል። ስለዚህ ያልታመቀ ቲፍ ፋይል ከ26 ሜጋባይት ወደ 8.7 ይወርዳል።

ጄፔግ ላይ ግን ይህን ያህል ትርፍ አትጠብቁ። ጄፔግ ብርሃኑን ለብቻ፣ ቀለሙን ለብቻ ለይቶ ነው የሚያስቀምጠው። ቀለም በሌለበት ገጽ ላይ የቀለሙ ክፍል ታምቆ ከምንም አይቆጠርም፤ ቢጣልም የሚቀንሰው ጥቂት ነው። ይባስ ብሎ ፋይሉን ከፍቶ እንደገና ሴቭ ማድረግ ጥራቱን ይቀንሳል። ለጄፔግ የሚሻለው ጄፔግትራን ነው። “ግሬይስኬል” የሚለውን አማራጭ ስትሰጡት የቀለሙን ክፍል ብቻ ቆርጦ ይጥላል፤ የብርሃኑን ክፍል እንደገና ሳያምቅ እንዳለ ይተወዋል። “ኮፒ ኦል” ብትጨምሩበት ፎቶው የተነሳበት ቀንና ሌላው መረጃም አብሮ ይቀራል።

ምልክት፦ ጥቁሩ ጽሑፍ ሲታተም ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሮዝ ይሄዳል፤ የማሽኑ ቆጣሪም ገጹን ባለ ቀለም ብሎ ይቆጥራል

ፋይሉ ባለ ቀለም ስለሆነ ፕሪንተሩ ግራጫውን ሰማያዊ፣ ሮዝና ቢጫ ቀለም ቀላቅሎ ይሠራዋል። ሦስቱ ትንሽ ካልተመጣጠኑ ግራጫው ያደላል። ኦፍሴት ላይ ሲሆን ጣጣው ይበዛል፤ በአንድ ጥቁር ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) ማለቅ የሚገባው ገጽ አራት ፕሌት ይጠይቃል፤ ፕሌቶቹ በፀጉር ያህል ከተዛነፉ የፊደሉ ጠርዝ ሁለት ሆኖ ይታያል። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያሳትም የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለገጹ የባለ ቀለም ሒሳብ ሲጠየቅ የሚገረመው በዚህ ነው። ፋይሉ ወደ እውነተኛ ግሬይስኬል ሲቀየር አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ይወገዳሉ። የፕሪንተሩን ቅንብር “ጥቁር ብቻ” ማድረግም ይሠራል፤ ግን ፍላሹ ሌላ ቤት ሲሄድ ችግሩ ተከትሎት ይሄዳል።

ምልክት፦ ሁሉም በአንዴ ተቀየረ፤ ማህተሙ ከፊርማው ጋር ተዋሃደ

እዚህ ላይ ረጋ እንበል። የእኛ አገር ሰነድ ያለ ማህተም ሰነድ አይደለም፤ ማህተሙ ደግሞ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ነው። ኢሜጅማጂክ ወደ ግራጫ ሲቀይር ለአረንጓዴ 0.7152፣ ለቀይ 0.2126፣ ለሰማያዊ 0.0722 ክብደት ይሰጣል። ሰማያዊ ድርሻው ትንሽ ስለሆነ ማህተሙ ጠቁሮ ይወጣል፤ ከሥሩ ካለው ጥቁር ፊርማ መለየት ያቅታል። የይዞታ ማረጋገጫው ወይም የጋብቻ ወረቀቱ ታትሞ ሲቀርብ መስኮቱ ላይ ያለው ሰው “ይሄ ኮፒ ነው፣ ዋናውን ያምጡ” ቢል አይፈረድበትም።

ብዙ ሰው የሚጠቀምበት መለያ የገጹን አማካይ የቀለም ድምቀት (ሳቹሬሽን) መለካት ነው። አትመኑት። 4 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ማህተም 12.6 ካሬ ሴንቲሜትር ይሸፍናል፤ ኤ4 ደግሞ 624 ያህል ነው። ማህተሙ የገጹ 2 በመቶ መሆኑ ነው፤ ቀለሙ ራሱ፣ ማለትም መስመሩና ፊደሉ፣ ከዚያም ያንሳል። በአማካይ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። በዚያ ላይ ድምቀት ጨለማ ቦታ ላይ ያታልላል፤ ከ255 ውስጥ ቀይ 3፣ አረንጓዴ 0፣ ሰማያዊ 0 የሆነ ነጥብ ለዓይን ድፍን ጥቁር ነው፣ በድምቀት ስሌት ግን መቶ በመቶ ቀይ ነው።

የሚሻለው በየነጥቡ ከሦስቱ ቁጥሮች ትልቁን ከትንሹ መቀነስ፣ ልዩነቱ ከ255 ውስጥ ለምሳሌ ከ40 በላይ የሆኑትን ነጥቦች መቁጠርና ከገጹ ስንት በመቶ እንደሆኑ ማየት ነው። ፒሎው ውስጥ “ስፕሊት” ሦስቱን ይለያል፣ “ኢሜጅቾፕስ” ውስጥ ያሉት “ላይተር” እና “ዳርከር” ትልቁንና ትንሹን ያወጣሉ፣ “ዲፈረንስ” ይቀንሳል፣ “ሂስቶግራም” ይቆጥራል። ስክሪፕቱ ከአሥራ አምስት መስመር አይበልጥም።

ከመቁጠሩ በፊት ግን ሁለት ነገር ይደረጋል። አንደኛ፣ ምስሉን ወደ ሩብ ማሳነስ። ስካነር በፊደላት ጠርዝ ላይ ቀጭን የቀይና የሰማያዊ ጥላ ይተዋል፤ ስታሳንሱት ጥላው ከአጠገቡ ካሉት ነጥቦች ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ ወረቀቱን ማንጣት። ዓመታት መደርደሪያ ላይ የከረመ ወረቀት ቢጫ ነው፤ 230፣ 215፣ 180 የሆነ ነጥብ ልዩነቱ 50 ስለሆነ ገጹ በሙሉ “ባለ ቀለም” ተብሎ ይወጣል። የፒሎው “አውቶኮንትራስት” ሦስቱን ለየብቻ ስለሚዘረጋ ቢጫውን ያነሳዋል፤ “ከትኦፍ” የሚለውን 1 ወይም 2 ስጡት። ይህ ሁሉ የሚሠራው ለመለኪያነት በተወሰደ ቅጂ ላይ ነው፤ ዋናው ፋይል አይነካም።

ከዚያ ሦስት ፎልደር፦ ግራጫ፣ ባለ ቀለም፣ አጠራጣሪ። ከ0.05 በመቶ በታች ግራጫ፣ ከ0.3 በላይ ባለ ቀለም በሉና ጀምሩ፤ ማህተም እንዳለባቸው በምታውቋቸው ገጾች ላይ ሞክራችሁ ቁጥሩን አስተካክሉ። አጠራጣሪዎቹን የኢሜጅማጂኩ “ሞንታዥ” በትንንሹ ደርድሮ በአንድ ገጽ ያሳያችኋል፤ ዓይን ቀሪውን ይጨርሳል።

የድሮ ፎቶ ከዚህ ስሌት ውጭ ይሁን። ደሴ አይጠየፍ አዳራሽ በር ላይ ቆመው የተነሱት አያት ፎቶ ቡናማ ሆኖ ከቆየ ቡናማነቱ የፎቶው ነው፤ አውቶኮንትራስት ግን እንደ ወረቀት ቢጫ ቆጥሮ ያነሳዋል፣ ስክሪፕቱም “ግራጫ” ይለዋል። ፎቶዎችን መጀመሪያውኑ ሌላ ፎልደር አስቀምጡ።

ምልክት፦ ዋናው ፋይል የለም

“ሞግሪፋይ” የተባለው ትእዛዝ ውጤቱን በዋናው ላይ ነው የሚጽፈው፤ አይጠይቅም፣ አይመለስም። “ፓዝ” የሚለውን አማራጭ ጨምራችሁ ወደ ሌላ ፎልደር እንዲጽፍ አድርጉ፤ ትእዛዙ “ኮለርስፔስ ግሬይ” ነው። መብራት የሚጠፋበት አካባቢ ከሆናችሁ ስክሪፕቱ በጊዜያዊ ስም ይጻፍና ሲጨርስ ብቻ ትክክለኛውን ስም ይስጠው። አለበለዚያ መብራት ሲመጣ ግማሹ የተጻፈ ፋይል ካለቀው ጋር ተቀላቅሎ ይጠብቃችኋል፤ ስሙን አይቶ የሚለየው የለም።

አጫጭሮቹ

ዊንዶውስ ላይ “ኮንቨርት” ብላችሁ “ኢንቫሊድ ፓራሜትር” ካለ፣ የጠራችሁት የዊንዶውስን የዲስክ መቀየሪያ ነው። በምትኩ “ማጂክ” በሉ።

ሊኑክስ ላይ ግማሹ ፋይል ከታለፈ ቅጥያው (ከስሙ መጨረሻ፣ ከነጥቡ በኋላ ያለው የፋይል ዓይነት መለያ) በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ይሆናል፤ ሊኑክስ ትልቁንና ትንሹን ፊደል እንደ አንድ አያይም።

“የኪራይ ውል 2” ዓይነት ክፍተት ያለው ስም ላይ ስክሪፕቱ ከቆመ፣ የፋይሉን ስም የያዘውን ቦታ በትእምርተ ጥቅስ ክበቡት።

ፎቶው የጥቁርና የነጭ ነጠብጣብ ከሆነ፣ በግሬይ ፈንታ “ሞኖክሮም” ተሰጥቶታል፤ እሱ ከጥቁርና ከነጭ በቀር መሃል አያውቅም።

ፎቶው ተጋድሞ ከወጣ “ስትሪፕ” የአቀማመጡን መረጃ አብሮ ጠርጎታል። ከእሱ በፊት “አውቶ ኦሪየንት” ይግባ።

ፒኤንጂው ሲከፈት ስለ ቀለም ፕሮፋይል የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ካመጣ፣ ምስሉ ግራጫ ሆኖ የቀለም ፕሮፋይሉ ግን እንደ ተለጠፈበት ነው። ፕሮፋይሉን ብቻ አስወግዱ፤ ሌላውን መረጃ አትንኩ።