የትራፊክ ሪፖርት በእጅ ይዘው ካሳው ሲጓተት፦ እንቅፋቱ የትኛው መስመር ላይ ነው?

ከጫጫ እስከ ሸዋ ሮቢት ባለው አስፋልት ላይ ሰው ተገጭቶ ካሳ ሲጠየቅ ፋይሉ ከኢንሹራንስ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ተክዶ አይደለም። ሪፖርቱ ላይ አንድ ቁጥር ተዛብቶ፣ አንድ ቦታ ባዶ ቀርቶ ወይም ተጎጂው ሌላ ሰው መስሎ ተጽፎ ነው። ሪፖርቱ ፍርድ አይደለም፤ ትራፊኩ ቦታው ላይ ያየውንና የለካውን የያዘ ማስረጃ ነው። ስለዚህ ከጣቢያው ሳይወጡ እዚያው ቆመው ያንብቡት። መጀመሪያ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ቀጥሎ ሰሌዳውን፣ ከዚያ የራስዎን ስም፣ በመጨረሻም ፕላኑን (ትራፊኩ የአደጋውን ቦታ ለክቶ የሳለበትን ሥዕል)።

«እንዲህ ያለ መዝገብ እኛ ጋ የለም» ከተባሉ

የሄዱት ሕክምና ወዳገኙበት ከተማ ፖሊስ ይሆናል። መዝገቡ የሚገኘው አደጋው በደረሰበት ወረዳ ነው። ጣርማበር ቁልቁለት ላይ የተጎዳ ሰው ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሊገባ ይችላል፤ መዝገቡ ግን ደብረ ሲና ነው የሚፈለገው። ቀወት ውስጥ ከሆነ ሸዋ ሮቢት፣ አንጎለላና ጠራ ውስጥ ከሆነ ጫጫ ይሂዱ። መታወቂያ፣ የአደጋውን ቀንና ከተቻለ ሰሌዳ ቁጥሩን ይያዙ። ተጎጂው ከአልጋ መነሳት ካልቻለ የሚሄደው ሰው ውክልና ያስፈልገዋል፤ ሞት ካለ ደግሞ ኢንሹራንሱ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ይጠይቃል። ሲወጡ የመዝገቡን ቁጥር ጽፈው ይያዙ። ማኅተም ያረፈበት ኮፒ ከፕላኑ ጋር ይቀበሉ፤ ፕላን የሌለው ሪፖርት ግማሽ ነው።

«በአደጋው ቀን ውሉ አይሠራም ነበር» ከተባሉ

ኢንሹራንሱ በእርግጥ አልቆ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በፊት ግን የቀን አጻጻፉን ይመልከቱ። ትራፊኩ «5/5/2017፣ 2:30 ሰዓት» ብሎ ጽፏል እንበል። ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለቱ ነው። የሆስፒታሉ ካርድ ላይ ያው ቀን 13/1/2025 ተብሎ ይገኛል። የካሳ ክፍሉ ሠራተኛ 5/5/2017ን በፈረንጅ ካነበበው ግን ከስምንት ዓመት ገደማ በፊት የሆነ አደጋ ይሆንበታል፤ ያኔ ደግሞ ውሉ አልተወለደም።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። 2:30 የጠዋት ነው የምሽት? ካርዱ ላይ 20:50 ከተባለ አደጋው የምሽት መሆኑ ይታወቃል፤ ሪፖርቱን ብቻ የያዘ ሰው ግን ተጎጂው ሆስፒታል የደረሰው ከአደጋው አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ይመስለዋል። «ጉዳቱ በሌላ ምክንያት የመጣ ነው» የሚል ክርክር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መፍትሄው ቀላል ነው፦ «ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ከምሽቱ 2:30» ተብሎ በፊደል እንዲጻፍ፣ ካልሆነም የማስተካከያ ደብዳቤ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። በራስዎ እስክሪብቶ ምንም አይንኩ። ፊርማና ማኅተም የሌለበት ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ከስህተቱ የባሰ ጣጣ ያመጣል።

«ይህ ሰሌዳ እኛ ጋ አልተመዘገበም» ከተባሉ

አምስቱ አሃዝ ትክክል ሆኖ ኮዱ ወይም ክልሉ ተዘሎ ይሆናል። ኮድ 3 አማ (አማራ)፣ ኮድ 3 አአ (አዲስ አበባ) እና ኮድ 3 ኢት (ኢትዮጵያ) በተመሳሳይ አሃዝ ሦስት የተለያዩ መኪኖች ሊሆኑ ይችላሉ። ተሳቢ ካለው የሳቢውም የተሳቢውም ሰሌዳ መጻፍ አለበት፤ ከኋላ ያየ ምስክር የሚናገረው የተሳቢውን ነውና። ጥርጣሬ ካለ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው (ከመኪናው የባለቤትነት ደብተር) ጋር አስተያዩ፤ ሰሌዳ ይቀየራል፣ ሻንሲ አይቀየርም። የኢንሹራንሱ ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ከሆነ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ (መኪናው ለሚጎዳቸው ሌሎች ሰዎች የሚገባ) ስቲከሩ ከመስታወቱ ላይ አልታየም ማለት ነው። መኪናው ጣቢያ ግቢ ቆሞ ከሆነ ሳይለቀቅ በፊት ስቲከሩን አይተው እንዲያስገቡ መርማሪውን ይጠይቁ። ከተለቀቀ በኋላ ይህንኑ መረጃ ለማግኘት መመላለስ ይበዛል።

ስምዎ፣ ወይም የተሳፈሩበት ሁኔታ ተሳስቶ ከሆነ

ራሱን ስቶ የገባን ሰው ስም የሚናገረው አብሮት የነበረ ሰው ነው፤ እሱም የቤት ስሙን ይናገራል። መታወቂያው ላይ ሌላ፣ ካርዱ ላይ ሌላ፣ ሪፖርቱ ላይ ሌላ ይሆናል። ሁለቱ ስም የአንድ ሰው መሆኑን ቀበሌው በደብዳቤ ይጻፍ፤ በዚያ ላይ ተመሥርቶ ጣቢያውም ያስተካክል።

«ረዳት»፣ «ተሳፋሪ»፣ «እግረኛ» የሚለው ቃልም ገንዘብ ነው። አሽከርካሪው በራሱ መኪና ላይ ሦስተኛ ወገን አይደለም። ረዳት በሥራው ላይ ከተጎዳ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በኩል አሠሪውን የሚጠይቅበት መንገድ አለው። ከአይሱዙ ላይ ዕቃ ሲያወርድ የተጎዳ የቀን ሠራተኛ «ተሳፋሪ» ተብሎ ከተጻፈ ይህን መንገድ ሳያውቀው ያጣዋል።

ፕላኑ እርስዎን መሀል መንገድ ላይ ካስቀመጠዎት

ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ የሚያነበው ጥቂት ስለሆነ። ፕላኑ ላይ ቋሚ መነሻ ነጥብ ይኖራል፦ የመብራት ምሰሶ፣ የድልድይ ጠርዝ፣ የኪሎ ሜትር ድንጋይ። ሁሉም ርቀት ከዚያ ይለካል። ፊደላቱ ወይም ቁጥሮቹ ምን እንደሆኑ ከሥዕሉ ሥር ተዘርዝሯል፦ የመኪናው ማረፊያ፣ የጎማ ጭረት፣ የወደቀው ሰው፣ የመስታወት ስብርባሪ፣ የመንገዱ ስፋት።

ስህተቱ የሚፈጠረው ሰውየው የወደቀበት ቦታ የተገጨበት ቦታ ተደርጎ ሲወሰድ ነው። የተገጨ ሰው ተወርውሮ ይወድቃል፤ ዳር ላይ ተገጭቶ መሀል ሊገኝ ይችላል። የተገጨበትን ቦታ በተሻለ የሚጠቁመው ጭረቱ አቅጣጫ የቀየረበት ነጥብ፣ የመብራት መስታወቱ መበተን የጀመረበት ቦታና የተጎጂው ጫማ ነው። ጭረቱ 25 ሜትር ተብሎ ከተለካ በደረቅና ሜዳ አስፋልት ላይ መኪናው ፍሬን ሲይዝ በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄደ ነበር ማለት ነው። ጣርማበር ቁልቁለት ላይ ግን ያንኑ ጭረት ያነሰ ፍጥነትም ይተወዋል፤ ስለዚህ ቁልቁለት መሆኑ ፕላኑ ላይ መጻፉን ይዩ።

ፕላኑ ሳይነሳ መኪናው ከቦታው ተነሥቶ ከሆነ፣ ወይም ጉም ስለነበር ከሩቅ የሚታይ ነገር አልነበረም የሚባል ከሆነ፣ ይህ በሪፖርቱ ውስጥ እንዲገባ በጽሑፍ ያመልክቱ። ምስክሮችዎን በስም፣ በቀበሌና በስልክ ያቅርቡ። ከደብረ ሲና ሽቅብ በጠዋት የሚሄድ የጋሪ ባለቤት ወይም የመንገድ ዳር ነጋዴ ከአላፊ ተሳፋሪ ይልቅ ጠቃሚ ነው፤ ነገ ሲፈለግ ይገኛል።

ሪፖርቱ «ፍሬን እምቢ ብሎት» ወይም «የእግረኛው ጥፋት» ካለ

«ፍሬን እምቢ ብሎት ነው» ካሳን አያስቀርም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መሠረት የመኪና ባለንብረት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው፤ ቁጥር 2086 ደግሞ «ማስቀረት አልቻልኩም» የሚለውን መከላከያ ይዘጋበታል። ክፍት የተተወው በር የተጎጂው የራሱ ጥፋት ነው፤ እሱም ቢሆን በጥፋቱ ልክ ይቀንሳል እንጂ ሁልጊዜ ሁሉንም አያስቀርም። ስለዚህ «ያለ ዜብራ ተሻገረ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ስላዩ ፋይልዎን አይጠቅልሉ። ባጃጅና አይሱዙ ተጋጭተው የማን ጥፋት እንደሆነ ካልታወቀ ቁጥር 2084 ጉዳቱን እኩል ያካፍላቸዋል። አሽከርካሪው በወንጀል ነፃ ቢባልም የካሳውን ክስ የሚያየው ችሎት በዚያ አይታሰርም (ቁጥር 2149)።

«ቀላል ጉዳት» ተብሎ ተጽፎ እግርዎ ተሰብሮ ከተገኘ

ትራፊኩ ራጅ የለውም፤ የሚጽፈው በዓይኑ ያየውን ነው። ፖሊስ ለሆስፒታሉ የሕክምና ማስረጃ መጠየቂያ ደብዳቤ ይጻፍልዎ፤ መልሱ ከመዝገቡ ጋር ይያያዛል። ቋሚ ጉዳት የሚታወቀው ሕክምናው ካበቃ በኋላ በሕክምና ቦርድ በሚሰጥ መቶኛ ነው። ደረሰኞችን ከመጀመሪያው ቀን አስቀምጡ፣ የአምቡላንስና የመመላለሻውንም ጨምሮ።

ከኢንሹራንሱ የሚገኘው ጣሪያ አለው። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለአስቸኳይ ሕክምና እስከ 2,000 ብር ነበር ያስቀመጠው። የእርስዎን ጉዳይ የሚገዛው አደጋው በደረሰበት ቀን የጸናው ጣሪያ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ጉዳት ከባለንብረቱ በክስ ይጠየቃል።

መኪናው ካመለጠ ወይም ኢንሹራንስ ከሌለው

ሪፖርቱ «ገጭቶ ያመለጠ» የሚል ቃል በግልጽ መያዝ አለበት። «ያልታወቀ ተሽከርካሪ» ብቻ ከሆነ እንዲብራራ ይጠይቁ። ለሞትና ለአካል ጉዳት ወደ መድን ፈንዱ ማመልከት የሚቻለው በዚህ ሪፖርት ነው፤ ፈንዱ ዛሬ የሚተዳደረው በመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት ነው። ለተሰበረ ጋሪና ለሞተ ፈረስ ግን አይከፍልም።

ሽማግሌ ከመጣ

ሸዋ ላይ አደጋ ደርሶ ሽማግሌ አለመምጣቱ ነው የሚገርመው። እርቁ ጥሩ ነው፤ ወረቀቱ ነው መታየት ያለበት። «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ዓረፍተ ነገር ገብቶበት የሕክምና ቦርዱ ውጤት ሳይወጣ የተፈረመ ስምምነት፣ ቆይቶ ለሚመጣ ቀዶ ሕክምና የሚጠየቀውን ሁሉ ይዘጋል። እርቁን ይቀበሉ፤ ወረቀቱ ላይ ግን የተሰጠው ገንዘብ «ለመታከሚያ የተሰጠ እርዳታ» ይባል፣ መጠኑም በቁጥርና በፊደል ይጻፍ፣ የኢንሹራንስ ጥያቄው እንደማይነካ ይጠቀስ። ሽምግልናው ሲጎተት ጊዜው አይቆምም፦ የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143)፤ የወንጀሉ ይርጋ (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) ከዚህ ከረዘመ ብቻ ነው በዚያ የሚቆጠረው።