በካውያ የሚለጠፍ የልብስ መለያ በቤት ሲዘጋጅ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደብረ ብርሃን ብርዱ ስለሚጸና ተማሪ ያለ ሹራብ ከቤት አይወጣም፤ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች የሚለብሱት ሹራብ ቀለሙ አንድ በመሆኑም በዕረፍት ሰዓት ወልቆ የተቀመጠው በሌላ ልጅ ሹራብ ተለውጦ መምጣቱ የተለመደ ነው። የልጁን ስም በትራንስፈር ወረቀት (የታተመበትን በካውያ ሙቀት ወደ ጨርቅ በሚያስተላልፍ ባለ ሙጫ ወረቀት) አሳትሞ በካውያ መለጠፍ ለዚህ ችግር ጥሩ መፍትሔ ነው። ይሁን እንጂ መለያው ከጥቂት እጥበት በኋላ ሲላጥ ብዙዎች በወረቀቱ ጥራት ያሳብባሉ፤ በእኔ እምነት ግን አብዛኛው ብልሽት የሚመነጨው ካውያው ከመጋሉ በፊት ከሚፈጸሙ ስህተቶች ነው።

ዋነኛው ስህተት ጨርቁን ሳይለዩ መጀመር ነው። የወረቀቱ ሙጫ በሚገባ የሚይዘው ከፍተኛ ሙቀት በሚችልና ገጹ ልሙጥ በሆነ ጨርቅ ላይ ሲሆን፣ ለዚህም እንደ አቡጀዲ ያለ ጥጥ ተወዳዳሪ የለውም። ናይለንና አክሪሊክ በዚያ ሙቀት ይቀልጣሉ ወይም ይኮማተራሉ፤ በገበያ ካሉት ሹራቦች ብዙዎቹ ደግሞ ከአክሪሊክ የተሠሩ ናቸው። ከበግ ጸጉር የሚሠሩት የመንዝ ብርድ ልብሶች፣ ባና እና ዝተት፣ ባይቀልጡም ገጻቸው ጸጉራም ስለሆነ ሙጫው የሚጣበቀው በጸጉሩ ጫፍ ላይ ብቻ ነው፤ ጸጉሩ ሲነቀል መለያውም አብሮ ይነሣል። ስለዚህ ለሹራብም ሆነ ለባና ትክክለኛው መንገድ መለያውን አስቀድሞ በቁራጭ አቡጀዲ ላይ ተኩሶ ማጣበቅ፣ ከዚያም የቁራጩን ጠርዝ አጥፎ በልብሱ ላይ በመርፌ መስፋት ነው። ሥራው ቢጨምርም ልብሱ ከመቃጠል ይድናል።

ሁለተኛው ስህተት ወረቀቱን ከፕሪንተሩ ጋር አለማገናዘብ ነው። ለኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም ለሚረጭ ፕሪንተር) የተዘጋጀ ወረቀት የዱቄት ቀለምን በሙቀት በሚያጣብቅ ሌዘር ፕሪንተር ውስጥ ካለፈ የማሽኑ ሙቀት ሽፋኑን አቅልጦ ማሽኑን ሊያበላሽ ስለሚችል፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደው ከማሳተምዎ በፊት የፕሪንተሩን ዓይነት ይጠይቁ። ለነጣ ያለና ለጠቆረ ጨርቅ የሚሆነው ወረቀትም የተለያየ ነው፤ ተራ ፕሪንተር ነጭ ቀለም ስለማያትም የነጣው ጨርቅ ወረቀት በጥቁር ልብስ ላይ ምንም አያሳይም።

ለነጣ ጨርቅ የሚሆነው ወረቀት ተገልብጦ ስለሚለጠፍ ጽሑፉ በመስታወት እንደሚታይ ዞሮ መታተም አለበት፤ ለጠቆረው ግን እንዳለ ይታተማል። እንደ ሰ እና ሀ ያሉ ፊደላት ቢዞሩም መልካቸው ብዙም ስለማይለወጥ ስሕተቱ በዓይን ሊያመልጥ ይችላል፤ ስለዚህ በቃሉ ውስጥ የፊደላቱን ቅደም ተከተል መመልከት ይበጃል። ፊደሉንም አታሳንሱት፤ ቀለሙ ሲሰራጭ የሜ ቀለበት ይደፈንና ከሚ ጋር ይምታታል።

አተኳኮሱ ላይ የሚበዛው ስህተት ከልማድ የመጣ ነው። በቤታችን ብርድ ልብስ አጥፈን በላዩ እንተኩሳለን፤ ለመለያ ግን ልስላሴው ግፊቱን ስለሚውጠው ስስ የጥጥ ጨርቅ የተነጠፈበት ጠንካራ ጠረጴዛ ይሻላል። የእንፋሎት ካውያ ከሆነ እንፋሎቱ ይዘጋ፤ እርጥበት ሙጫውን ያዳክማልና። ካውያውን እንደ ሸሚዝ ወዲያና ወዲህ መግፋት ምስሉን ያንሸራትታል፤ በአንድ ቦታ አጥብቆ መጫን፣ ከዚያም አንሥቶ ወደ ቀጣዩ ማሳረፍ ይገባል። የከሰል ካውያ ሙቀቱ ስለሚዋዥቅ ለዚህ ሥራ አይመረጥም። መብራት በመሀል ከጠፋም ወረቀቱን ሳይልጡ ካውያው ዳግም እስኪግል ይጠብቁ።

አዲስ ጨርቅ ሳይታጠብ መለጠፍ፣ የመለያውን ጥግ ሳያከብቡ በሹሉ መቁረጥ፣ በቀዝቃዛ እንዲላጥ የታዘዘውን ወረቀት በትኩሱ መላጥም የመለያውን ዕድሜ ያሳጥሩታል። ከተለጠፈ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይታጠብ ይቆይ፤ ከዚያም ልብሱ ተገልብጦ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ፤ መለያው ያለበት ቦታም አይታሽ። እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ ሙቀት አገር ላብ ስለሚበዛ ከአንገት ላይ ይልቅ በሸሚዙ የታችኛው ጠርዝ ውስጠኛ ገጽ መለጠፍ ቆዳን አያሳክክም። ጠርዙ መነሣት ከጀመረም የመጋገሪያ ወረቀት ሸፍነው እንደገና ይጫኑት፤ ካውያው በቀጥታ መለያውን እንዳይነካ ብቻ ይጠንቀቁ።