በካሊፎርኒያ ከተሞች የካሳ ጥያቄን በስምምነት የመጨረስ ሥልጣን ለሠራተኛ ሲሰጥ ውሳኔው እንዴት ይረቀቅ

በካሊፎርኒያ አንድን ከተማ ካሳ የሚጠይቅ ሰው፣ ሕጉ ያስቀመጣቸው ልዩ ሁኔታዎች እንደተጠበቁ ሆነው፣ ክስ ከመመሥረቱ በፊት ጥያቄውን በጽሑፍ ለከተማው ማቅረብ ይኖርበታል። ጊዜው ለአካል ጉዳትና ለተንቀሳቃሽ ንብረት ጉዳት 6 ወር፣ ለሌሎቹ ጥያቄዎች በአብዛኛው 1 ዓመት ሲሆን፣ ከተማው መልስ ለመስጠት ያለው ጊዜ ግን 45 ቀን ነው። በወር ሁለት ጊዜ የሚሰበሰብና የመደበኛ ስብሰባውን አጀንዳ ከ72 ሰዓት በፊት መለጠፍ ያለበት ምክር ቤት፣ በተሰነጠቀ የእግረኛ መንገድ ላይ ወድቆ የተጎዳውን ሰው ጥያቄ ሁሉ ራሱ ልይ ካለ ቀኑ ያልፍበታል።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆነው የገቨርመንት ኮድ (የግዛቲቱ የመንግሥት አካላት ሕግ) አንቀጽ 935.4 ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት ምክር ቤቱ በደንብ ወይም በውሳኔ ለአንድ ሠራተኛ ሥልጣን መስጠት ይችላል፤ የሚከፈለው ገንዘብ ከ50,000 ዶላር የሚበልጥ ሲሆን ግን ሥልጣኑን መስጠት የሚችለው የከተማው ቻርተር (ከተማው የሚተዳደርበት የራሱ መሠረታዊ ሕግ) ብቻ ነው። ስለዚህ ቻርተር የሌለው ከተማ ከዚህ ጣሪያ በላይ ለአንድ ሠራተኛ ሥልጣን መስጠት አይችልም። ከ3 ያላነሱ አባላት ያሉት የካሳ ጉዳዮች ቦርድ ማቋቋምም ሌላው አማራጭ ነው። ሥልጣኑ ለሥራ መደቡ፣ ለምሳሌ ለሥራ አስኪያጁ ወይም ለከተማው ጠበቃ፣ እንጂ በግለሰብ ስም ባይሰጥ ይሻላል፤ ሰው ሲቀየር ውሳኔውን እንደገና ከማጽደቅ ያድናል።

አርቃቂዎች አብዝተው የሚጨነቁት ስለ ገንዘቡ ጣሪያ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው ጥያቄን ውድቅ የማድረግ ሥልጣን ነው። ውሳኔው «በስምምነት መጨረስ ይችላል» ብቻ ካለ፣ ጥያቄው መከፈል የማይገባው ሆኖ ሲገኝ ሠራተኛው እጁን አጣምሮ ይቀመጣል። በ45 ቀን ውስጥ መልስ ያላገኘ ጥያቄ በሕግ ውድቅ እንደተደረገ ይቆጠራል፤ ይሁን እንጂ የጽሑፍ ማስታወቂያ ካልተላከ ጠያቂው ክስ የሚያቀርብበት ጊዜ፣ ማስታወቂያው ከተሰጠበት ወይም በፖስታ ከተላከበት ቀን ጀምሮ የሚታሰበው 6 ወር መሆኑ ቀርቶ፣ የክሱ ምክንያት ከተፈጠረበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ይሆናል። ስለዚህ ሠራተኛው ውድቅ የማድረግና ማስታወቂያውን የመላክ፣ ጉድለት ላለበት ጥያቄ በ20 ቀን ውስጥ ጉድለቱን የማሳወቅ፣ ዘግይቶ የቀረበውንም በ45 ቀን ውስጥ በምክንያት የመመለስ ሥልጣን በግልጽ ሊሰጠው ይገባል። ከተማው ይህን የመዘግየት ማስታወቂያ ሳይልክ ከቀረ፣ ጥያቄው ዘግይቷል ብሎ የመከራከር መብቱን ያጣል።

ጣሪያው ምን ምን እንደሚያካትት በውሳኔው ላይ ይጻፍ። ከአንድ አደጋ የሚነሱ ጥያቄዎች ተደምረው ይታያሉ ወይስ በየራሳቸው? የጠያቂው የጠበቃ ክፍያስ ውስጡ ነው? እነዚህ በዝምታ ከታለፉ አንዱን ጉዳይ ከፋፍሎ ከጣሪያው በታች ማዋል ቀላል ይሆናል። ሥልጣኑ ክስ ከመመሥረቱ በፊት ላሉ ጥያቄዎች ብቻ ይሁን ወይም በፍርድ ቤት ያሉትንም ይጨምር ውሳኔው ለይቶ ይናገር። ገንዘብ ያልሆነ ግዴታ፣ ለምሳሌ የፖሊስን መመሪያ ለማሻሻል የሚገባ ቃል፣ መጠኑ ትንሽ ቢመስልም ለምክር ቤቱ መቆየት አለበት።

ከመፈረሙ በፊት ሠራተኛው የከተማውን ጠበቃ አስተያየት በጽሑፍ እንዲይዝ ማድረግ ተገቢ ነው። ጥያቄው የተነሳበት መምሪያ ኃላፊ ግን በራሱ ጉዳይ ላይ መወሰን የለበትም። ከሌሎች ከተሞች ጋር በጋራ የመድን ማኅበር የታቀፈ ከተማ ደግሞ ማኅበሩ ሳይስማማ መጨረስ መፈቀዱን ከውሉ አስቀድሞ ያጣራ።

ውሳኔው፣ በሠራተኛው የጽሑፍ ትእዛዝ የሒሳብ ኃላፊው ክፍያውን ከከተማው ግምጃ ቤት እንዲያወጣ የሚያዝ አንቀጽ ሊኖረው ይችላል፤ አንቀጽ 935.4 ይህንንም ይፈቅዳል። በየሩብ ዓመቱ የተከፈለውን፣ ውድቅ የተደረገውንና ምክንያቱን የያዘ ሪፖርት ለምክር ቤቱ እንዲቀርብ ማዘዝም ይገባል፤ በአንድ መንገድ ላይ ደጋግሞ ካሳ እየተከፈለ ከሆነ ምክር ቤቱ ለጥገናው በጀት መመደብ የሚችለው ይህን ሲያውቅ ነው።