በአንድ ሰው እጅ ያለ የኦፕን ሶርስ ላይብረሪ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ምልክት፦ ትናንት በሰላም ሲጫን የነበረው ፕሮጀክት ከኮዱ አንድ መስመር እንኳ ሳይነካ ዛሬ «ፓኬጁ አልተገኘም» ብሎ ይቆማል።

ምክንያት፦ ኔትወርኩ ደህና ከሆነ ፓኬጁ፣ ማለትም ሌላ ሰው ጽፎ ያካፈለው ዝግጁ ኮድ (ላይብረሪ)፣ ራሱ ከማከማቻው ተነስቶ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በማርች 2016 «ሌፍት ፓድ» የተባለው ፓኬጅ ባለቤት በአንድ ሌላ ፓኬጅ ስም የተነሳ የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች ማከማቻ ከሆነው ኤንፒኤም ጋር ተጣልቶ ሥራዎቹን በሙሉ ሲያነሳ፣ 11 መስመር ብቻ የነበረው ይህ ኮድ በመጥፋቱ ባቤል የተባለውን የጃቫስክሪፕት መሣሪያ የሚጠቀሙ እጅግ ብዙ ፕሮጀክቶች መጫን አቅቷቸው ነበር።

መፍትሄ፦ የምትጠቀሙባቸውን ፓኬጆች ቅጂ በራሳችሁ ሰርቨር ላይ አስቀምጡ፤ ለዚህ ቨርዳቾ የተባለው ፕሮግራም ይበቃል። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቢሮ ቅጂው ለሌላም ጊዜ ይጠቅማል።

ምልክት፦ ፕሮግራሙ ትርጉም የሌለው ጽሑፍ ያለማቋረጥ ያትማል።

ምክንያት፦ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 «ከለርስ» በተባለው ላይብረሪ የደረሰው ይኸው ነው። ትልልቅ ኩባንያዎች በነፃ ይገለገሉብኛል ብሎ አስቀድሞ ያማረረው ባለቤቱ፣ ማለቂያ የሌለው ዑደት ሆን ብሎ ጨመረበት። አዲሱ ቨርዥን ሳትጠሩት የገባው፣ በፓኬጅ ፋይላችሁ ውስጥ ከቨርዥን ቁጥሩ ፊት ያለችው የባርኔጣ ምልክት (^) ስለፈቀደችለት ነው።

መፍትሄ፦ የእያንዳንዱን ፓኬጅ ቨርዥን የሚመዘግበውን የሎክ ፋይል ከኮዱ ጋር አብራችሁ አስቀምጡ፤ በሰርቨር ላይ ስትጭኑም ሎክ ፋይሉን ብቻ የሚከተለውን «ኤንፒኤም ሲአይ» የተባለ ትእዛዝ ተጠቀሙ።

ምልክት፦ ሁሉም ነገር ይሠራል፤ ነገር ግን ወደ ሰርቨሩ በኤስኤስኤች (በርቀት መግቢያው) ሲገባ ትንሽ ይዘገያል።

ምክንያት፦ ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሚሰበር ነገር ስለሌለ ማንም ለመመርመር አይነሳም። «ኤክስዜድ» የተባለውን የፋይል ማመቂያ ለዓመታት ያለ ክፍያ ይንከባከብ የነበረው አንድ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ማንነታቸው የማይታወቅ ሰዎች ሥራው ዘገየ እያሉ ወጠሩት፤ እርሱም የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበትና ሥራው የትርፍ ጊዜ እንደሆነ ቢጽፍም ግፊቱ አልቆመም። በመጨረሻ «ጂያ ታን» በሚል ስም ሲያግዝ ለቆየ ሰው ሥልጣን አካፈለው። ይህ ሰው በቨርዥን 5.6.0 እና 5.6.1 ላይ በኤስኤስኤች በኩል የሚያስገባ ድብቅ በር ተከለ። ተንኮሉን የሚያስጀምረው ቁራጭ ለማውረድ በተዘጋጀው የታሸገ ፋይል ውስጥ እንጂ የኮዱ ለውጦች በሚመዘገቡበት የጊት ማከማቻ ውስጥ ስላልነበረ፣ ጊቱን ብቻ ያነበበ ሰው ሊደርስበት አይችልም ነበር። የማይክሮሶፍት መሐንዲሱ አንድሬስ ፍሮይንድ መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከንክኖት መርምሮ፣ ማርች 29 ቀን 2024 ይፋ አደረገው።

መፍትሄ፦ ከእነዚህ ቨርዥኖች አንዱ ካላችሁ የሊነክስ ስርጭታችሁን የደህንነት ማስታወቂያ ተከትላችሁ ቀይሩት። ለወደፊቱ ደግሞ የመልቀቅ ሥልጣን ወደ አዲስ ሰው ሲዞር ቀጣዩን ቨርዥን ለመውሰድ አትቸኩሉ፤ የታሸገውንም ፋይል ከጊቱ ጋር አነጻጽሩ። ፎርክ አድርጎ (ኮዱን ቀድቶ በራስ እየተንከባከቡ) መውጣት በብዛት ይመከራል፤ ኮዱን የሚያነብ ሰው በቢሯችሁ ከሌለ ግን የአንዱን ሰው ሸክም ወደ ራሳችሁ ማዞር ብቻ ይሆናል። ከዚያ ይልቅ ላይብረሪው ገቢ የምታገኙበት ከሆነ ለባለቤቱ በየወሩ ጥቂት መክፈል ወይም የአንድ ባልደረባን ሰዓት መስጠት ይሻላል። ፓኬጆቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ መመርመር ስለማይቻልም የይለፍ ቃል፣ ክፍያና ኔትወርክ ከሚነኩት ጀምሩ።