ሰብዉፈርና ቶፕ ስፒከር እንዴት ይግባባሉ?

«ወንድሜ፣ ጂ ክሬ የት ገባ?» ያለኝ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነበር። ሰርግ ነው፣ ድንኳን ውስጥ፣ ሙሽሮቹ ሊገቡ ግማሽ ሰዓት ቀርቷቸዋል። ወፍራሞቹን ክሮች ሲመታ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፤ ባዶውን ጂ ሲነካ ግን ድምፁ ይሟሽሻል። ድምፁን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ሰቡን (የወፍራም ድምፅ ስፒከሩን፣ ሰብዉፈሩን) ጨመርኩ። ሌላው ሁሉ አጓራ፣ ጂ አልመጣም። አሁንም ጨመርኩ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ የአንዱ ሰብ ኮይል (የውስጡ ጥቅል ሽቦ) ተቃጠለ።

የጎደለው ጉልበት አልነበረም። ባዶው ጂ ክር 98 ኸርዝ (በሰከንድ 98 ንዝረት) ነው፤ እኔ ደግሞ ሰቡንና ቶፑን (ከሰቡ በላይ ያለውን ድምፅ የሚያወጣውን ስፒከር) የከፈልኳቸው 100 ኸርዝ ላይ ነው። በዚህ መገናኛ ላይ ሁለቱም እኩል ይጫወታሉ፤ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ከሳበ ተጣፍተው ያልቃሉ። በማግስቱ ሳየው የሰቡ ኬብል ሲጠገን ፕላስና ማይነሱ ተገልብጦ ተበይዷል። ስለዚህ ከምንም በፊት ኬብል ፈትሹ።

አቀማመጥ። ቶፑን (ሞንታርቦውን) ከሰው ራስ በላይ ስቀሉ፣ ሰቡን መሬት ላይ አስቀምጡ። ሁለት ሰብ ካላችሁ ጎን ለጎን መሃል ላይ ቢሆኑ እመርጣለሁ። ግራና ቀኝ ሲበተኑ ቤዙ መሃል ላይ ይከመራል፣ ጥቂት እርምጃ ወደ ጎን ሲሄዱ ይሳሳል። የዲኮር ሰዎች መሃሉን አይወዱላችሁም፤ ቀድማችሁ ደርሳችሁ ተነጋገሩ።

ክሮስኦቨር፣ ማለት ድምፁ ለሰብና ለቶፕ የሚከፈልበት መገናኛ። ቶፑ 12 ወይም 15 ኢንች ከሆነ ከ80 እስከ 100 ኸርዝ፣ አነስ ካለ ወደ 120። የማጣሪያ ዓይነት ምርጫ ካለ ሊንክዊትዝ ራይሊ 24 ዲቢ የሚባለውን ሁለቱም ላይ። ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን ሁለቴ በመቁረጥ ነው፦ ሰቡ ጀርባ ያለው መውጫ ታችኛውን ድምፅ ቆርጦ የሚያሳልፍ ከሆነ የቶፑን መቁረጫ አጥፉት።

አሁን ዋናው፣ ፌዝ፦ ሁለቱ ስፒከሮች አየሩን እኩል መግፋታቸውና እኩል መሳባቸው። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ አንድ ሜትር ማለት 2.9 ሚሊሰከንድ ነው። ሰው ከሚቀመጥበት መሃል ቆማችሁ ወደ ሰቡም ወደ ቶፑም በሜትር ለኩ። የሚዘገየው ለአድማጩ የቀረበው ነው። ሰቡ ከቶፑ 2 ሜትር ቀድሞ ከተቀመጠ ሰቡ ላይ 5.8 ሚሊሰከንድ ዲሌይ (ማዘግየት) አስገቡ።

ይህ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም፤ ማጣሪያዎቹና ስፒከሮቹ ራሳቸው ያዘገያሉ። ስለዚህ ከስልካችሁ ላይ የመገናኛውን ድምፅ፣ ለምሳሌ 100 ኸርዝ፣ ዝግ አድርጋችሁ ልቀቁ። በሰቡና በአንድ በኩል ባለው ቶፕ ብቻ ይሁን፤ ሁለቱ ለየብቻ ሲሰሙም እኩል ይሁኑ። ከዚያ የሰቡን ፖላሪቲ (ፕላስና ማይነሱን) ገልብጡና ዲሌዩን በግማሽ ግማሽ ሚሊሰከንድ እያንቀሳቀሳችሁ ድምፁ በጣም የሚጠፋበትን ቦታ ፈልጉ። ጆሮ መሙላቱን ከመለየት ይልቅ መጥፋቱን ቶሎ ይለያል። ጠፋ? ፖላሪቲውን መልሱ፤ ሁለቱ ተገናኝተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። 100 ኸርዝ በየ10 ሚሊሰከንዱ ራሱን ይደግማል፤ ስለዚህ 10 ሚሊሰከንድ ተሳስታችሁም ድምፁ «ትክክል ነው» ይላችኋል። ከበሮው ግን አይዋሽም፣ ምቱ ይላላል። በሜትር ካገኛችሁት ቁጥር ከአራት ሚሊሰከንድ በላይ አትራቁ። የግድግዳ ነጸብራቅ እንዳያታልላችሁም ሁለት ሦስት ቦታ ቆማችሁ ድገሙት።

ዲሌይ የሌለው ሰብ ከሆነ ራሱን ሰቡን ግፉት። 100 ኸርዝ ላይ ግማሽ ሞገድ 1.7 ሜትር ገደማ ስለሆነ ግማሽ ሜትር እንኳ ለውጥ ያመጣል። ጀርባው ላይ ፖላሪቲ የሚገለብጥ 180 የተጻፈበት ማብሪያ ካለው በሁለቱም ሞክሩና ድምፁ የሚሞላበትን ያዙ።

ቮልዩም መጨረሻ ላይ ነው። ወደ ሰቡ በኦክስ (ከሚክሰሩ ለብቻው በሚወጣ መስመር) ኪክ (በእግር የሚመታው ድራም)፣ ከበሮ፣ ቤዝና ኪቦርድ ብቻ ላኩ። የዘፋኝና የሽማግሌ ማይክ ሎው ከቱ (ወፍራሙን ድምፅ የሚቆርጠው ቁልፍ) ይብራ፣ ወደ ሰብም አይሂድ።

በመጨረሻ ቤዝ ተጫዋቹን ከባዶው ጂ እስከ ወፍራሙ ኢ፣ 41 ኸርዝ ድረስ፣ ኖታ በኖታ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ለምኑትና አዳራሹን ዙሩ። አንድ ኖታ በሁሉም ቦታ ከጠፋ ወደ ፌዙ ተመለሱ። አንድ ጥግ ላይ ብቻ የሚያጓራ ከሆነ የክፍሉ ጠባይ ነውና ዲሌዩን አትንኩት።